ነርቭ ምክንያት አይጠይቅም

ስለ አየር ግፊት በምናስተምርበት ክፍለ ጊዜ ሲሪንጅን በምሳሌነት መጥቀስ የቆየ ልማዳችን ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ሲሳብ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ በውጭ ያለው ከፍተኛ ግፊትም ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በአንድ ወቅት ይህንኑ ስናስረዳ አንዲት የጤና ሳይንስ ተማሪ እጇን አውጥታ፣ በልምምድ ላይ ሳለች ያየችው የማሕፀን መምጠጫ መሣሪያ በዚሁ ሕግ የሚሠራ መሆኑን ነገረችን። ቀጥላም፣ «መምህር፣ መሣሪያው ቀላል ነው፤ ሥራውም የደቂቃዎች ነው። ታዲያ ሴቶቹን ለምን ያን ያህል ያማቸዋል? ለምንስ ‹ቻይው፣ አሁን ያልቃል› ብቻ ይባላሉ?» ስትል ጠየቀች። የመጀመሪያውን ጥያቄ የቻልነውን ያህል መለስን። ሁለተኛው ግን ከክፍል አብሮን ወጣ፤ ይህን ጽሑፍም ያስጻፈን እርሱ ነው።

መሣሪያው በባለሙያዎች ዘንድ «ኤም ቪ ኤ» እየተባለ ይጠራል። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅና ካኑላ የተባለ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያሉት ሲሆን፣ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ማሕፀንን ባዶ ለማድረግ ያገለግላል። ሥራው እንደ ሁኔታው ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል። ማሕፀንን በስለታም ብረት ከመፋቅ ይልቅ ደኅንነቱ የተጠበቀ በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ይህንኑ የመምጠጥ ዘዴ ነው። በሀገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 ፅንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል። እርግዝናው በአስገድዶ መድፈር ወይም በሥጋ ዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት ሲመጣ፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም እናቲቱ በዕድሜዋ ለጋነት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር የሚሉት ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከዚህም ሌላ ፅንሱ በራሱ ጊዜ ወርዶ ማሕፀኗ ያልጠራላት ሴት በዚሁ መሣሪያ ልትታከም ትችላለች።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

ሕመሙ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የሚነሣው ካኑላው እንዲያልፍ የማሕፀን በር ሲሰፋ ነው። ከዚያ የሚነሣው ምልክት በዳሌ ውስጥ ባሉ ነርቮች በኩል አልፎ ወደ ሕብለ ሰረሰር የታችኛው ጫፍ ይደርሳል። ሁለተኛው ማሕፀኑ ባዶ ሲሆንና ሲኮማተር የሚሰማው ከባድ ቁርጠት ነው። ይህኛው ከማሕፀን አካል ተነሥቶ በሌሎች ነርቮች አማካይነት ከፍ ብሎ በታችኛው ደረትና በላይኛው ወገብ ትይዩ ወደ ሕብለ ሰረሰር ይገባል። መንገዶቹ ሁለት ከሆኑ አንዱን ብቻ መዝጋት እንደማይበቃ አንባቢ ወዲያውኑ ይረዳል።

ቁርጠቱን ከሚያባብሱት ንጥረ ነገሮች መካከል ፕሮስታግላንዲን ዋነኛው ነው። አስፕሪንና መሰሎቹ መድኃኒቶች ሰውነት ፕሮስታግላንዲን እንዳያመርት እንደሚከለክሉ እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቷል፤ በዘርፉ ባደረገው ምርምርም በ1982 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል። አይቡፕሮፌን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ነገር ግን ክኒኑ ተውጦ ደም ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ስለሚያስፈልገው ከሥራው ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቀድሞ መሰጠት አለበት። በየቤታችን የማይታጣው ፓራሲታሞል ግን ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ብቻውን ፋይዳ እንደሌለው ተረጋግጧል።

የማሕፀን በርን ሕመም በተመለከተ መፍትሔው በአካባቢው የሚወጋ ማደንዘዣ ነው። በብዛት የሚሠራበት ሊዶኬይን፣ ስዊድናዊው ኬሚስት ኒልስ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠራው ነው። የነርቭ ምልክት የሚጓዘው የሶዲየም አዮኖች በነርቩ ሽፋን ላይ ባሉ በሮች በኩል ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። ሊዶኬይን እነዚህን በሮች ለጊዜው ይዘጋል። ሽቦው ሳይበጠስ መስመሩ በማብሪያ ማጥፊያ እንደሚቋረጥ ዓይነት ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጉዳዩን በአግባቡ ፈትኖታል። እርግዝናቸው ከ11 ሳምንት በታች የሆነ 120 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ሁሉም አስቀድመው አይቡፕሮፌንና የሚያረጋጋ መድኃኒት ወሰዱ። ከዚያም ግማሾቹ 20 ሚሊ ሊትር ባለ 1 በመቶ ሊዶኬይን በማሕፀን በር ዙሪያ በአራት ቦታ ተወግተው ሦስት ደቂቃ ተጠበቀ፤ የቀሩት የተወጉ እንዲመስላቸው ብቻ ተደረገ። እያንዳንዷ ሴት ሕመሟን በ100 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ እንድታመለክት ተጠየቀች። የማሕፀን በር ሲሰፋ ያልተወጉት በአማካይ 79፣ የተወጉት 42 አሉ። በመምጠጡ ጊዜ ደግሞ ያልተወጉት 89፣ የተወጉት 63 አመለከቱ።

እነዚህን አኃዞች ረጋ ብለን እንመልከታቸው። በመጀመሪያው ደረጃ ልዩነቱ 37፣ በሁለተኛው 26 ነው። ማደንዘዣው ይበልጥ የረዳው የማሕፀን በር በሚሰፋበት ጊዜ መሆኑ ቀደም ሲል ከጠቀስናቸው ሁለት የነርቭ መንገዶች ጋር ይስማማል። 63ም ቢሆን ትንሽ ቁጥር አይደለም። መርፌው ራሱ እንደሚያምም ጥናቱ አልሸሸገም፤ በሚወጉበት ጊዜ የተወጉት 55፣ ያልተወጉት 30 ብለዋል። ስለሆነም ማደንዘዣው ሕመሙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ክኒኑ አስቀድሞ ባልተሰጠበት ወይም መርፌው በተዘለለበት ቦታ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ከ14 ሳምንት በታች በሆነ እርግዝና ለሚከናወን ቀዶ ሕክምናዊ ፅንስ ማቋረጥ የሕመም ማስታገሻ ለሁሉም ሴቶች በመደበኛነት እንዲቀርብ፣ በማሕፀን በር ዙሪያ የሚወጋው ማደንዘዣም እንዲሰጥ መክሯል። ንቃተ ኅሊናን ሳያጠፋ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ባለበት ደግሞ ይህን ከመርፌው ጋር አጣምሮ መስጠት በአማራጭነት እንዲቀርብ ሐሳብ ሰጥቷል። ሙሉ በሙሉ የሚያስተኛ ማደንዘዣ ግን ከሥራው የባሰ አደጋ ሊያስከትል ስለሚችል የዘወትር አሠራር እንዳይሆን አሳስቧል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ባለ 1 በመቶ ሊዶኬይን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 20 ሚሊ ሊትሩ 200 ሚሊ ግራም ይሆናል። የደኅንነት ወሰኑ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 4.5 ሚሊ ግራም ነው፤ 45 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 202.5 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጠርሙሱ ባለ 2 በመቶ ሆኖ ሳይበረዝ በዚያው መጠን ቢወጋ 400 ሚሊ ግራም ይገባል። ስሌቱ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የማይከብድ ነው፤ ስሕተቱ ግን የልብንና የአንጎልን ሥራ ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው፤ ይህ ጽሑፍም የመድኃኒት ማዘዣ አይደለም።

«ቻይው» ማለት ሕክምና ነውን?

ለሙቀት ቴርሞሜትር፣ ለግፊት ማኖሜትር አለን። ለሕመም ግን እስካሁን ከታማሚዋ ቃል የተሻለ መለኪያ አልተገኘም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ብያኔ፣ አንድ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባ ያሳሰበው በዚህ ምክንያት ነው። ከጎን ሆኖ የሚመለከት ባለሙያ የሌላውን ሕመም አሳንሶ እንደሚገምት በተደጋጋሚ ታይቷል። በእኛ ሀገር ደግሞ ዝምታ ይጨመርበታል። ድምፅዋ ኮሪደር ላይ እንዳይሰማባት ነጠላዋን ነክሳ የምትተኛ ልጅ አላመማትም ብሎ መመዝገብ፣ ያልተከፈተ መሣሪያ ዜሮ አሳየ ብሎ እንደ መመዝገብ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ደብቂ ያልናት እኛው ከሆንን ግን ጥፋቱ የማን ነው?

ማስታገሻን የሚያስዘልሉ ሦስት ምክንያቶች ሲነገሩ ሰምተናል። አንደኛው «ለአጭር ጊዜ ነው» የሚለው ነው። ጥርስ መንቀልም የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፤ ሆኖም ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን ለማስነቀል የሚስማማ ሰው አናውቅም። ሁለተኛው የጊዜና የአቅም ማነስ ነው። ይህን ችግር አቅልለን አናየውም፤ አንዲት አዋላጅ ነርስ ብዙ ሴቶችን ብቻዋን በምታስተናግድበት ጤና ጣቢያ ሦስት ደቂቃም ሦስት ደቂቃ ነው። ይሁን እንጂ አይቡፕሮፌንም ሊዶኬይንም ውድ መድኃኒቶች አይደሉም። ክኒኑ የሚፈልገው ግማሽ ሰዓትም ሴትዮዋ ተራ ስትጠብቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። የሚያስፈልገው ክኒኑ በካርድ ክፍልና በአልጋው መካከል የተወሰነ ቦታ እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ጮክ ተብሎ አይነገርም፤ ይኸውም «ይመማት፣ ትምህርት ይሆናታል» የሚለው ነው። ስለ ፅንስ ማቋረጥ በአንባቢዎቻችን መካከል የተለያየ እምነት እንዳለ እናውቃለን፤ ያንን ክርክር በዚህ ገጽ አንዳኝም። ነገር ግን ሕጉ ከፈቀደ በኋላ ሕመምን የቅጣት ማሟያ አድርጎ የሚጨምር አንቀጽ የለም፤ ለጤና ባለሙያም የመቅጣት ሥልጣን አልተሰጠም። ደግሞም በአንዱ አልጋ ላይ የተደፈረች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ በሌላው አጥብቃ የተመኘችው ፅንስ የወረደባት እናት ሊተኙ ይችላሉ። የሶዲየም በሮቹ በሁለቱም ነርቭ ላይ በአንድ ሕግ ይከፈታሉ። ነርቭ ምክንያት አይጠይቅም፤ ማስታገሻውም ሊጠይቅ አይገባም።

ከእናንተ አንባቢዎቻችን መካከል ነገ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ ፋርማሲስት ወይም የጤና ተቋም ኃላፊ የምትሆኑ አላችሁ። ያን ጊዜ ሦስት ነገሮችን እንድታስታውሱ እንለምናለን፦ ክኒኑ በጊዜው መሰጠቱን፣ የመርፌው መጠን መሰላቱንና ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሴትዮዋ «እንዴት ነሽ? ሲያምሽ ንገሪኝ» መባሏን። ተማሪያችን ላቀረበችው ሁለተኛ ጥያቄ ያገኘነው መልስ ይህ ነው፤ «ቻይው» የሚባለው ሳይንሱ መፍትሔ ስላጣ ሳይሆን እኛ ስለለመድነው ነው። ልማድ ደግሞ የተፈጥሮ ሕግ አይደለምና ሊለወጥ ይችላል።