መናገሻ ሳትሆን የቀረችው ከተማ

ይህ እትም በአምቦ መንገድ ላይ ያለችውን አዲስ ዓለምን ይዞ ቀርቧል። መንገደኛ በመኪና መስኮት ብቻ አይቷት ለሚያልፋት ከተማ ሙሉ እትም ይበዛባታል የሚሉ አይጠፉም። እኛ አይበዛባትም እንላለን። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 የቆረቆሯት መናገሻቸውን ሊያዛውሩባት ነበር፤ መነሻውም የአዲስ አበባ ማገዶ መመናመኑ ነው። ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን አተረፋት (ቤት የሠሩት የውጭ መልእክተኞችም ለመነሣት አልቸኮሉም)፤ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሕንጻም ደብረ ጽዮን ማርያም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋን ያቆማት የግቢ ወጪ ሳይሆን ገበያዋ፣ ዕድሯና የኅዳር ጽዮን ንግሥ ነው።

«ይህ ያለፈ ታሪክ ነው» ለሚሉንም መልስ አለን። ትልቅ ከተማ የሚያቃጥለውን፣ የሚጠጣውንና የሚገነባበትን ከዙሪያው መውሰዱ አልቀረም፤ ዛሬ የሚፈለገው ከእንጨት ይልቅ መሬት መሆኑ ብቻ ነው የተለየው። አዲስ አበባ ወደ ጎን በሰፋች ቁጥር እንደ አዲስ ዓለም ያሉ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የራሳቸውን ኑሮ ይዘው መቀጠል ይችላሉ ወይ? አዲስ ዓለም የምትገኝበት የኤጄሬ ወረዳ ገበሬም ሆነ የዋና ከተማው ፕላን አውጪ በገጾቻችን ውስጥ የሚስማማበትን ብቻ ሳይሆን የሚከራከርበትንም ያገኛል። ክርክሩን ጽፋችሁ ብትልኩልን በደስታ እናትመዋለን።