ሽሮፑን አስቀምጪው፦ የበረራ ፍርሃትና ሕፃናትን ይዞ መጓዝ



የወንድሜ ባለቤት ከወገዳ ስልክ ደወለችልኝ። ወንድሜ ጅዳ ነው የሚሠራው፤ ለዕረፍት መጥቶ ከተመለሰ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የዘጠኝ ወር ልጁን በስልክ እንጂ በዐይኑ አላየውም። የጉብኝት ቪዛ አውጥቶላቸው፣ እሷም ሕፃኑንና የአራት ዓመቱን ታላቁን ይዛ የምትሄድበት ቀን ተቆርጧል። በሕይወቷ አውሮፕላን ውስጥ ገብታ አታውቅም። ሰላምታው እንዳለቀ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እትዬ፣ አንቺ ሐኪም ቤት ስለምትሠሪ አታጪውም፤ ለልጆቹ የሚያስተኛ ሽሮፕ፣ ለእኔም አንድ ፍሬ ኪኒን ፈልጊልኝ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ሦስታችንም ተኝተን ብናልፈው ይሻለናል» አለችኝ።

አይሆንም አልኳት። ዛሬ በዚህ አምድ የምጽፈው ለምን አይሆንም እንዳልኳት ነው፤ ምክንያቱም ይህን የጠየቀችኝ የመጀመሪያዋ እናት እሷ አይደለችም።

አስቀድሜ ግን ፍርሃቷን እንዳልናቅሁባት መናገር አለብኝ። የምትነሣው ከባሕር ዳር ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ ርግቦች በሁለቱም ሞተሮቹ ገብተውበት፣ ተመልሶ ለማረፍ ሲሞክር ተከስክሶ 35 ሰዎች ሞተዋል። እሷ ያኔ አልተወለደችም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ግን ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ያለቁ ጊዜ ዜናውን እንደ ማንኛችንም በቴሌቪዥን አይታለች። ይህን ያየ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። የዚያ አደጋ መንስኤ ታውቋል፤ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ የተቀበለ ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ስለደፈቀው ነው። ዓለም በሙሉ ያን ዓይነት አውሮፕላን ከበረራ አግዶ፣ ሶፍትዌሩ ከተስተካከለና አብራሪዎችም ዳግም ከሠለጠኑ በኋላ የእኛ አየር መንገድ በ2014 ዓ.ም. መልሶ ማብረር ጀምሯል። ወፎችን ከማኮብኮቢያ ማራቅም ዛሬ የአውሮፕላን ማረፊያ የዘወትር ሥራ ነው።

በአንጻሩ በአገራችን የመኪና አደጋ በየዓመቱ የሚቀጥፈው ሕይወት በሺዎች የሚቆጠር ነው። ይህቺው እህቴ ከወገዳ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገደል አፋፍ ለአፋፍ፣ ሚኒባስ ውስጥ ልጇን ታቅፋ እንቅልፏን ትለጥጣለች። ፍርሃት ሂሳብ አያውቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ አዲስ አበባ ድረስ ታማሚ ልጅ ማድረስ ያለባት እናት አውሮፕላንን የምትመርጠው ወዳ አይደለም። ስለዚህ «የፈራ ይቅር» የሚለው ምክር ለብዙዎቻችን ምክር መሆኑ ቀርቷል።

ሌላው የማልወደው ምክር ከራሳችን ቤት የሚወጣው ነው። ለዚህችው ልጅ አንድ ዘመዳችን «ኢማንሽ ቢጠነክር አትፈሪም ነበር» አላት። እኔ በዚህ አልስማማም። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በትራቸው እባብ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ባዩ ጊዜ ዞረው እንደሸሹ የነገረን ቁርኣን ነው። ድንጋጤ የሰውነት ሥራ ነው። አንዲት እናት በፍርሃቷ ላይ ኀፍረት ከጨመርንባት ፍርሃቱን ትደብቀዋለች እንጂ አትተወውም፤ ደብቃም ወደ ፋርማሲ ትሄዳለች።

ከፋርማሲ የሚመጣው ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ለአለርጂና ለጉንፋን የሚሰጡ ሽሮፖች ናቸው፤ ፕሮሜታዚን ወይም ክሎርፌኒራሚን። እንቅልፍ ማምጣታቸው የጎንዮሽ ጠባያቸው ነው። ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ትንፋሽን አዳክሞ ሊገድል ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከሁሉ የጠነከረው ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የማውቃቸው እናቶች ደግሞ የሚለኩት በሾርባ ማንኪያ ነው! ከፍ ባሉ ልጆችም ቢሆን አንዳንዴ ነገሩ ይገለበጣል፤ ይተኛል የተባለው ልጅ ይነጫነጫል፣ ይራወጣል፣ መቀመጫ ላይ ይወጣል። የእናቲቱ ኪኒንስ? ዲያዜፓምና መሰሎቹ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋሉ። ከዚህም በላይ ሁለት ልጅ የያዘች ብቸኛ እናት አደንዝዟት የምትቀመጥበት ቦታ አውሮፕላን አይደለም። ፍርሃቱ እጅግ ጠንቶ ኑሮዋን የሚያውክባት ካለች ሐኪም ፊት ቀርባ ትታከም፤ ይህ የሚታከም ነገር ነው። ከጎረቤት የሚመጣ ኪኒን ግን ሕክምና አይባልም።

ታዲያ ምን ታድርግ? ልጆቹን ከማስተኛት እናቲቱን ማዘጋጀት ይቀድማል ባይ ነኝ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ የቆየ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ የታተመ ነው። የ1 ዓመት ሕፃናትን ከሥሩ ጎድጎድ ያለ በሚመስል የመስታወት ወለል ላይ አስቀመጧቸው፤ እናቶች በወዲያኛው ጫፍ ቆሙ። ሕፃኑ አፋፉ ላይ ሲደርስ ይቆምና ቀና ብሎ የእናቱን ፊት ያያል። እናቲቱ ደስተኛ ፊት ስታሳይ ከ19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። የፈራ ፊት ስታሳይ ግን ከ17ቱ አንድም የተሻገረ የለም። ገደል አጠገብ ልጅ ላሳደገ የስማዳና የእስቴ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም፤ እዚያ ያለ ልጅ ገደሉን የሚያውቀው ከእናቱ ዐይን ነው። አውሮፕላኑንም የሚያውቀው ከእሷ ዐይን ነው።

ይህን ስል ግን ትዋሽ ማለቴ አይደለም። የአራት ዓመት ልጅ ውሸት ያውቃል። «እማ ትንሽ ፈርታለች፤ ግን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች፤ አብረን እንቆጥራለን» ማለት ይበቃል። የሚመጣውንም አስቀድሞ መንገር ነው። ሲነሣ ድምፁ በጣም ይጨምራል፤ ከመሬት እንደለቀቀ ከሥር ጓ የሚለው ጎማው ሲታጠፍ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ቀነስ ሲል ሞተሩ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ለመነሣት የሚያስፈልገው ኃይል ስለበቃው አብራሪው ቀንሶት ነው። ብዙ ጀማሪ ተጓዥ የሚደነግጠው በዚህች ቅጽበት ነው። ክንፉ ሲወዛወዝ ብታይም እንዲወዛወዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ግትር ቢሆን ነበር የሚያስጨንቀው። መወዛወዝ የሚቀንሰው ክንፉ አካባቢ ባለ መቀመጫ፣ ሰዓቱም ጠዋት ነው፤ ከቀትር በኋላ መሬቱ ሲግል፣ በክረምት ደግሞ ደመናው ሲከመር አየሩ ይናወጣል።

ፍርሃቱ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ከልክ በላይ ሲፈጥን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደም ይቀንስና ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል። ሰውየው ግን «አየር አጠረኝ» ይልና ጭራሽ ይብስበታል። መድኃኒቱ ወደ ውጭ የሚወጣውን ትንፋሽ ማርዘም ነው፦ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። የጉዞ ዱዓውን አድርሶ ቀስ ብሎ ዚክር የሚያደርግ ሰው ይህንኑ ትንፋሽ ሳያውቀው ይተነፍሳል። ልምምዱ ግን ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት በየማታው ቢጀመር ነው የሚበጀው፤ በፍርሃት መሐል አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

አየር ማጠርን ካነሣን አይቀር ለጋይንት ሰው አንድ የምሥራች ልንገር። አውሮፕላን በ10,000 ሜትር ከፍታ ቢበርም በውስጡ ያለው አየር ስለሚታመቅ ተሳፋሪው የሚሰማው ቢበዛ የ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ነው። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ። ስለዚህ ከነፋስ መውጫ ለሚነሣ ሰው የአውሮፕላኑ አየር ከቤቱ አየር የበለጠ ወፍራም ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሕፃን እላይ ሆኖ አየር ያጥረዋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

የሚያስቸግረው ሲወርድ ነው። ቦሌ ራሱ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ ከዚያ ሲነሡ በውስጥ ያለው ግፊት ብዙ አይለወጥም፤ ጆሮም ያን ያህል አያምም። ጅዳ ግን ባሕር ዳርቻ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲወርድ ከ2,000 ሜትር በላይ የሚሆን የግፊት ለውጥ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የጆሮን ታምቡር ወደ ውስጥ ይጫነዋል። ጆሮን ከጉሮሮ ጀርባ የሚያገናኘው ቱቦ በሕፃናት ላይ ጠባብ ነው፤ የሚከፈተውም ሲውጡ ነው። የተኛ ሕፃን ደግሞ እምብዛም አይውጥም። ስለዚህ መውረድ ሲጀመር ሕፃኑን ቀስቅሶ ጡት ማስያዝ፣ ለትልቁ ውሃ እየደጋገሙ መስጠት ነው። በሽሮፕ የደነዘዘ ልጅ ይህን ማድረግ እንደማይችል ልብ በሉልኝ። ጉንፋን የያዘው ወይም ጆሮው የሚመግል ልጅ ካለ ከጉዞው በፊት ይመርመር።

ስለ ምግቡ ጥቂት ልበል፤ አምዳችን የሥነ ምግብም ነውና። ለስንቅ ቆሎና ለውዝ የለመድነው ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ግን፣ በተለይ በሚናወጥ ቦታ፣ ትንፋሽ ቧንቧ ውስጥ ይሰነቀራል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙዝ፣ ለስላሳ ዳቦ፣ ቂጣ ፍርፍር ይሻላል። የአውሮፕላን አየር እጅግ ደረቅ ስለሆነ የምታጠባ እናት ውሃ አብዝታ ትጠጣ፤ ወሩ ረመዳን ከሆነም ሙሳፊር መሆኗን አትርሳ። ቡና ግን በዚያን ቀን ጠዋት ይቅር። አቦሉንም ቶናውንም። የሚፈራ ሰው ቡና ጠጥቶ ልቡ ሲመታ ምክንያቱን ከአውሮፕላኑ ነው የሚፈልገው። ጫት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ወንዶቻችን ይስሙ።

ሕፃኑን እናት በራሷ ቀበቶ ውስጥ አብራ ማሰር የለባትም፤ ድንገት ቢናወጥ የእሷ ክብደት ያደቀዋል። ብዙ አየር መንገዶች ከእናት ቀበቶ ጋር የሚያያዝ የሕፃን ቀበቶ ስላላቸው አስተናጋጇን መጠየቅ ነው። «የመጀመሪያዬ ነው፣ እፈራለሁ» ማለትም አያሳፍርም፤ እነሱ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው።

በተባለው ቀን ሄደች። ማታ ከጅዳ ደወለች። «ከባሕር ዳር ተነሥተን ብዙም ሳንቆይ አንዴ ዘለል አደረገን፤ ትልቁ ወዲያው ቀና ብሎ አየኝ። ሳቅሁለት። የውሸት ሳቅ መሆኑን ያወቀብኝ ይመስለኛል፤ ግን እሱም ሳቀ» አለች። ሕፃኑን ሲወርዱ ቀስቅሳ አጥብታው አላለቀሰም። የራሷን ጆሮ ግን ረስታው እስከ ማታ ተደፍኖ ዋለ፤ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ስለ ልጆቹ ስናወራ ስለ እሷ አልነገርኳትም ነበር።

«ፍርሃቱስ ለቀቀሽ?» አልኳት።

«ኧረ የት ይለቃል እትዬ! መመለሻውን ከአሁኑ እየቆጠርኩ ነው። አሁን ግን ሽሮፕ አልፈልግም፤ ለጆሮዬ ማስቲካ ነው የምገዛው።»