ሼኹ ሲታሰር ጌዴኦን ምን አገባው?

«የሙስሊሙ ጉዳይ የሙስሊሙ ነው፤ ዲላ ቁጭ ብለን እኛን ምን አገባን?» የሚል ወጣት ሞልቷል። እንዴ! አገባን እንጂ። እስቲ ረጋ ብለን እንየው።

በ2004 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ከአወሊያ ትምህርት ቤት መምህራን ሲባረሩ ሙስሊሙ ተነሳ። ጥያቄው ሦስት ነበር፦ መጅሊሱ የአህባሽን አስተምህሮ በግድ አይጫንብን፣ መሪዎቻችንን በየመስጊዳችን እንምረጥ፣ አወሊያ ሕዝብ በመረጠው ቦርድ ይተዳደር። 17 አባላት ያሉት ኮሚቴ መርጦ ከመንግሥት ጋር እንዲነጋገርለት ወከለ። መፈክሩም «ድምፃችን ይሰማ» ነበር። በቃ፣ ስሙልን ነው ያሉት።

መልሱስ? ሐምሌ 2004 የኮሚቴው አባላት ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ተከሰሱ። የመጅሊሱ ምርጫ በመስጊድ ሳይሆን በቀበሌ ተካሄደ። ጥር 2005 ላይ ፍርድ ቤቱ ገና ሳይፈርድ ኢቲቪ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም ለአገር አሳየ። ሐምሌ 2007 በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስር ተፈረደ። ኡስታዝ አቡበከር አህመድ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። ኡስታዝ አህመዲን ጀበል እስከ የካቲት 2010 እስር ቤት ቆዩ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ሕገ መንግሥቱ እዚያው ነበር። አንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። አንቀጽ 27 ማንም ሰው የፈለገውን እምነት የመያዝ መብት አለው፣ አይገደድም ይላል። ወረቀቱ አልጎደለም። የጎደለው ወረቀቱን አንስቶ የሚጮህ ጎረቤት ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ደርግ በደቡብ ስንት የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ዘጋ? ስንቱን አማኝ አሰረ? የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የተገደሉት በ1971 ነው። የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ ዲላ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ወጣት የአያቱን ታሪክ ይጠይቅ። እስር ቤቱ ሃይማኖት አይመርጥም፤ ተራ ነው የሚጠብቀው።

ደግሞ እኛ ጌዴኦዎች አለመሰማት ምን እንደሆነ እናውቃለን። በ2010 ስንት መቶ ሺህ ወገናችን ተፈናቀለ? ገደብ ላይ ሰው ሲራብ «ስሙን» ስንል ነበር። ያኔ «ምን አገባኝ» ያለንን ሰው እንዴት እንደታዘብነው እናስታውሳለን።

«ከታሰሩት ውስጥ ጥፋተኛ ቢኖርስ?» ትለኛለህ። ካለ በማስረጃ ይቅረብ፣ በግልጽ ችሎት ይፈረድበት። ቄስም ሆነ ሼኽ ከሕግ በላይ አይደለም። ግን ጥያቄ የጠየቀ ሁሉ አሸባሪ ሲባል፣ ፊልሙ ከፍርዱ ሲቀድም፣ ያ ፍትሕ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል የምንጮኸውን ያህል፣ ኡስታዝ ያለ ፍትሕ ሲታሰርም እንጩህ። አንዱን መርጦ መጮህ ወገንተኝነት እንጂ የመብት ትግል አይባልም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ነገ አንድ የሃይማኖት አባት ታሰረ ሲባል፣ የማንም ሃይማኖት ይሁን፣ ስድብ ሼር ከማድረግህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ክሱ ምንድነው? ሕጉ በሚለው 48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቧል ወይ? ቤተሰቡና ጠበቃው አግኝተውታል ወይ? መልስ ካጣህ ያንኑ ጥያቄ ፖስት አድርግ። ለዲላ ገበያ ባልደረባህ፣ ለሙስሊሙ ጓደኛህ፣ ከዚህ የሚበልጥ ወንድምነት የለም።

ሽማግሌዎቻችን ሶንጎ ላይ ሲቀመጡ ሁለቱንም ወገን ሳይሰሙ አይነሱም። የነሱ ልጆች ነን ካልን፣ «ድምፃችን ይሰማ» ያለውን ሁሉ መስማት የኛም ሥራ ነው።