አንገታችሁን ከማከሜ በፊት የጠረጴዛችሁን ፎቶ አሳዩኝ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኬብል፣ ስለ ኪቦርድና ስለ ሞኒተር ነው። «ዶክተር፣ ሙያ ቀየርክ እንዴ?» እንዳትሉኝ፤ መጀመሪያ አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እኔ መጣች (ታሪኳን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው)። የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከቤቷ ሆና በቀን ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ላፕቶፕ ላይ ትውላለች። አንገቷን በቀኝ በኩል ይወጥራታል፣ ሕመሙ ወደ ትከሻዋ ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከማጅራቷ ተነስቶ ራሷን ያማታል። ማስታገሻ ከአንዴም ሁለቴ ታዞላታል። ካዘዙላት ሐኪሞች አንዱ እኔ ነኝ። «አሁንስ ኤምአርአይ ልነሳ?» አለችኝ። መርምሬ የእጇ ጉልበትም ሆነ የቆዳዋ ስሜት ደህና መሆኑን ካየሁ በኋላ፣ መጀመሪያ በመጣችበት ቀን ልጠይቃት ይገባ የነበረውን ጠየቅኋት፦ «እስቲ የምትሠሪበትን ጠረጴዛ ፎቶ ካለሽ አሳዪኝ።»

ፎቶውን ሳይ በራሴ አፈርኩ። ላፕቶፑ ፊት ለፊቷ ነው። አዲስ የገዛችው ትልቅ ሞኒተር ደግሞ በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ቆሟል፤ ኬብሉ አጭር ስለሆነ ሁለቱም ከቦታቸው ፈቀቅ አይሉም። ቀኑን ሙሉ የምታየው ትልቁን ነው፤ የምትጽፈው ግን በላፕቶፑ ኪቦርድ ላይ። ስለዚህ ደረቷ ወደ ፊት፣ ፊቷ ወደ ቀኝ ሆኖ ይውላል። ሞኒተሩን የገዛችው አንገቷን ስላመማት ነበር! የባሰባት ከገዛች በኋላ ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ላፕቶፕ ላይ የሚውል ሰው ሁለተኛ ስክሪን ከመግዛቱ በፊት ለብቻው የሚገናኝ ኪቦርድና ማውስ ይግዛ። ዘመናዊ ወንበርም ቢሆን ከዚያ በኋላ ይምጣ። የላፕቶፕ ችግሩ ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ አካል መሆናቸው ነው። ለእጃችሁ እንዲመች ዝቅ ስታደርጉት አንገታችሁ ይጎነበሳል፤ ለዓይናችሁ እንዲመች ከፍ ስታደርጉት ትከሻችሁ ይንጠለጠላል። ሁለቱን መለያየት ነው መፍትሔው።

የሰው ጭንቅላት ወደ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ኬኔት ሃንስራጅ የተባሉ የኒውዮርክ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት፣ አንገት 60 ዲግሪ ሲጎነበስ በላዩ ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 27 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህን ቁጥር በየገጹ አይታችሁት ይሆናል። በሞዴል የተሠላ እንጂ በሰው አንገት ላይ የተለካ አይደለም፤ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ እንደ ስልክ ያን ያህል አንጎነበስም። ስለዚህ በቁጥሩ አትደንግጡ። ዋናው ቁም ነገር ጭንቅላት ወደ ፊት በሄደ መጠን የማጅራት ጡንቻ ሳያርፍ መሥራቱ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1990 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ሠራተኞች ባወጣው መመሪያ ላይ ኪቦርድ ከስክሪን የተለየ መሆን አለበት ተብሎ ተጽፏል። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ ይጥልበታል። ላፕቶፕ አስታቅፎ «ከቤት ሥሩ» የሚል አሠሪ ኪቦርድና ማውስ አብሮ መስጠት አለበት ብዬ አምናለሁ። ሠራተኛው ከኪሱ የሚገዛው ነገር መሆን የለበትም። አሠሪ የሆናችሁ ተከታታዮቼ ልትቀየሙኝ ትችላላችሁ፤ ግን የአንድ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ስንት ቀን እንደሚያስወጣችሁ አስሉት።

ኪቦርዱንና ማውሱን ካገኛችሁ ላፕቶፑን ከፍ አድርጉት። ማስቀመጫ ስታንድ ከሌላችሁ ጠንካራ የድሮ መጻሕፍት ይበቃሉ፤ ብቻ ከሥሩ ያለውን የአየር መውጫ እንዳትደፍኑት። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይናችሁ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ርቀቱም ክንዳችሁን ስትዘረጉ ያህል ይሁን። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፦ ለሩቅም ለቅርብም በአንድ ላይ የተሠራ መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ስክሪኑን ከፍ ማድረግ አይስማማችሁም። በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ለማንበብ አገጫችሁን ሽቅብ ታነሳላችሁ፣ ማጅራታችሁ ይታጠፋል። እናንተ ዝቅ አድርጉት፤ ወይም የዓይን ሐኪማችሁን ለኮምፒውተር ብቻ የሚሆን መነጽር ጠይቁ። «እንደተመከርኩት አደረግሁ፣ ግን ባሰብኝ» የሚሉኝ በዕድሜ ገፋ ያሉ ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ስክሪን መጠቀም ሥራ ያቀላጥፋል፤ አልቃወምም። ብቻ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ሞኒተር በአፍንጫችሁ ትይዩ ይቀመጥ፣ ኪቦርዱም ከፊቱ ይሁን፤ ሁለተኛው ጎን ላይ ትንሽ ወደ እናንተ ዞር ይበል። ሁለቱንም እኩል የምታዩ ከሆነ መጋጠሚያቸው መሃላችሁ ላይ ይሁን። ለዚህ ረጅም ኬብል ያስፈልጋል። ከሞኒተሩ ጋር የሚመጣው ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ የሁለት ሜትር የኤችዲኤምአይ ኬብል መግዛት ከማንኛውም የአንገት ቅባት ይሻላል እላለሁ።

ማውሱ ኪቦርዱ ጎን ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ክንድን ወደ ውጭ ዘርግቶ መዋል ትከሻ ያሳምማል። በቀኝ በኩል የቁጥር ሰሌዳ ያለው ረጅም ኪቦርድ ማውሱን ያርቀዋልና አጭሩን ምረጡ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ቁጥሮቹ እንጀራዋ ናቸው፤ እሷ ማውሱን በግራ እጇ ለመደች።

የላፕቶፑ መሰኪያ አልበቃ ብሏችሁ ማከፋፈያ ሃብ ልትገዙ ከሆነ አንድ ነገር አጣሩ። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ላፕቶፕ ሁሉ በዚያ ቀዳዳ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ነው። ኤም 1 እና ኤም 2 ማክቡክ ኤርም በራሳቸው አንድ ተጨማሪ ስክሪን ብቻ ነው የሚያስተናግዱት። ሳታጣሩ ገዝታችሁ ሳይሠራ ሲቀር፣ ተመልሳችሁ በላፕቶፑ ላይ መጎንበስ ነው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያን በማከፋፈያ ላይ መሰካት ግን ይቅርባችሁ፤ እሳት ያስነሳል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ሳይነሱ መዋል ያሳምማል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ፣ ውኃ ቅዱ። በየ20 ደቂቃው ደግሞ ለ20 ሰከንድ ያህል ስድስት ሜትር የሚርቅ ነገር ተመልከቱ፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይን ማርገብገብ ስለምንቀንስ ነው ዓይናችን የሚደርቀውና የሚቆጠቁጠው።

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ራስ ምታቱ ለቋታል፤ የአንገቷ መወጠር ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ቀንሷል። የአንገት እንቅስቃሴም ስለሰጠኋት ሁሉንም ለኪቦርዱ አልሰጥም። ኤምአርአዩ ቀረ፣ ኪኒኑም ቀረ። ማስታገሻ ለወራት መዋጥ ጨጓራንም ኩላሊትንም እንደሚጎዳ ታውቃላችሁ።

ነገር ግን እጃችሁ ከደከመ ወይም ዕቃ እየጣለ ካስቸገራችሁ፣ ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ስትራመዱ ሚዛን ከሳታችሁ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ሕመሙ ከአደጋ በኋላ ከጀመረ ወይም ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለበት፣ ጠረጴዛ በማስተካከል ጊዜ አታባክኑ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ነገ ሥራ ላይ እያላችሁ ሰው ከጎን ፎቶ እንዲያነሳችሁ ጠይቁ። አስተካክላችሁ ሳትቀመጡ፣ ሳታውቁት ቢያነሳችሁ ይመረጣል። ጆሯችሁ ከትከሻችሁ ምን ያህል ወደ ፊት እንደቀደመ እዩት፣ ወደ ሐኪም ስትሄዱም ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ።