በሬው ከመሸጡ በፊት

ዛሬ የፍቅሩን ጉዳይ ለጊዜው ወደ ጎን ላድርገውና ስለ ገንዘብ እናውራ። ከወደ ፍላቂት የደረሰኝ ደብዳቤ ነው ይህን ያመጣው።

ጸሐፊው የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፎ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ልጅ ነው። «አባቴ ‹ዩኒቨርሲቲ በነፃ መማር ቀርቷል አሉ› ብሎ ካሉን ሁለት በሬዎች አንዱን ሊሸጥ ቆርጧል። እናቴ ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል ያለችው እህቴ ትምህርቷን ታቁምና ወጪ እንቀንስ ትላለች። እኔ እህቴ ቀርታ መማር አልፈልግም። ምን ይመክሩኛል?» ይላል።

ስማኝ ወንድሜ። አባትህ የሰሙት ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የሚያስፈራው ግማሹ ግን እውነት አይደለም።

እውነቱ ይሄ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ይጋራል። አሠራሩ በደንብ ቁጥር 91/1995 ተጀመረ፤ ኋላም በደንብ ቁጥር 154/2000 ተተካ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ይሸከማል። የቀረውን የትምህርት ወጪ የሚችለው መንግሥት ነው። እንግዲህ ትልቁ ቅናሽ ይሄ ነው፤ ማንንም ደጅ ሳትጠና የምታገኘው!

ታዲያ ብሩ መቼ ይከፈላል? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግቢ ስትገባ ውል ትፈርማለህ እንጂ ብር አትቆጥርም። ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ አሠሪህ ከደመወዝህ በየወሩ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። ተቆራጩ ከወር ገቢህ ከ10 በመቶ አያንስም። ለምሳሌ ደመወዝህ 10,000 ብር ቢሆን 1,000 ብር መሄዱ ነው። የዕዳው ባለቤት ነገ ደመወዝተኛ የምትሆነው አንተ ነህ፤ አባትህ አይደሉም።

«ታዲያ ቀድሞ የከፈለ ቅናሽ ያገኛል ይባላል» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ቀድሞ ለሚከፍል ቅናሽ አለው። ቅናሹ ግን ጥቂት በመቶ ነው። ገንዘብ የተረፈው ቤተሰብ ቢጠቀምበት ብልህነት ነው። ለሁለት በሬ ቤት ግን ኪሳራ ነው። በአንድ በሬ የቀረ ገበሬ መቀናጆ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲዞር የእርሻው ወቅት ያልፍበታል። ገብሱ ካልተዘራ ደግሞ ያ ቅናሽ ለማን ይጠቅማል?

ዕዳው ቀላል ነው እያልኩህ ግን አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በዚህ ሒሳብ 10 ወር ግቢ የከረመ ተማሪ ምግቡ ብቻ 30,000 ብር ይመጣል። ነን ካፌ ሆናችሁ በእጃችሁ የምትቀበሉት ብርም ያው ዕዳ ነው። ከቤታችሁ እየተመላለሳችሁ የምትማሩ የከተማ ልጆች ደግሞ ያልበላችሁትን ምግብና ያልተኛችሁበትን አልጋ አትፈርሙ! ቅጹን አንብባችሁ ኮፒውን አስቀምጡ። ዕዳው ሳይጠራ ዋናውን ዲግሪ እጅ ማድረግ እንደሚያስቸግር የቀደሟችሁን ጠይቁ።

መምህርነት የምታስቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። በመምህርነት ለሠለጠነ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት የሚከፈልበት መንገድ በደንቡ አለ። ከመፈረማችሁ በፊት ሬጅስትራርን ጠይቁ።

ይህ ሁሉ የመንግሥት ተቋም ነገር ነው። የግል ኮሌጅ የገባ ከኪሱ ይከፍላል። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለዚያው ትምህርት ዘርፍ ዕውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ቀጥሎም የአንዱን ወር ብቻ ሳይሆን እስከ ምረቃ ያለውን ጠቅላላ ክፍያ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ወደ አንተ ልመለስ የፍላቂቱ ወንድሜ። አሁን ከቤት የሚያስፈልግህ የመኪና መሳፈሪያ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃህ ከነኮፒው፣ ለሳሙናና ለደብተር የምትሆን ጥቂት ብር ነው። እሱም ቢሆን ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ግን በግ ተሽጦ፣ ዘመድ አዋጥቶ የሚሞላ እንጂ በሬ የሚያሸጥ አይደለም።

የእህትህን ነገር በተመለከተ ልቤ ካንተ ጋር ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እናንተ ዘንድ ደግሞ በ2013ና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ሁሉ አልፋ ዘጠነኛ የደረሰችን ልጅ ማስቆም የወጪ ቅነሳ አይባልም። ያንተ ዕዳ ሥራ ስታገኝ ይከፈላል፤ እሷ ከክፍል ከወጣች ግን መመለሱ ይከብዳታል።

ስለዚህ ከመሄድህ በፊት አባትህንና እናትህን አንድ ላይ አስቀምጠህ ይህን ሒሳብ ረጋ ብለህ አስረዳቸው። አንተን ባያምኑህ ከትምህርት ቤትህ አንድ የሚያከብሯቸውን መምህር ለምነህ ቤት ውሰድ። ወላጅ ልጁን ከትምህርት የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ጨክኖ ሳይሆን ሒሳቡን የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው።

ሌሎቻችሁም ጥያቄያችሁን ላኩልኝ። ሳምንት ሰው ይበለን!