ሙክት ሲታሰብ የበጉ ሕመምም ይታሰብ

ጥሊሊና አካባቢዋ የዋሸራ በግ አገር ናቸው። ይህ ዝርያ በአዊና በምዕራብ ጎጃም በስፋት ይረባል። አርሶ አደሩ በበዓል ገበያ ዳጎስ ያለ ገንዘብ የሚጠብቀው ከሙክቱ ነው። ሙክት ለማግኘት ግን አውራው መኮላሸት አለበት፤ ማኮላሸት ደግሞ ያምማል።

በልማድ አውራው ከጎለመሰ በኋላ በድንጋይ ወይም በእንጨት ይቀጠቀጣል። ቡርዲዞ የተባለው መቆንጠጫ ቆዳውን ሳይቆርጥ ወደ ቆለጥ የሚወርደውን የደም ሥርና የዘር ቱቦ ስለሚጨፈልቅ ከድንጋዩ በእጅጉ ይሻላል፤ ክፍት ቁስልም አይተውም። ሕመሙን ግን አያስቀርም። የሚያመው በግ ይተኛል፣ ከመንጋው ይነጠላል፣ መኖም ይቀንሳል። ለማድለብ የተያዘ በግ መኖ ሲቀንስ ኪሳራው የባለቤቱ ነው።

ለሕመሙ መፍትሔ አለ። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በመርፌ ሲሰጥ በደቂቃዎች ውስጥ ቦታውን ያደነዝዛል፤ ኃይሉ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሕመምና እብጠት እንደ ሜሎክሲካም ያሉ ማስታገሻዎች ያበርዳሉ። ሁለቱም የባለሙያ ሥራ ናቸው። ሊዶኬይን ከበጉ ክብደት ጋር ካልተመጠነ ይመርዛል፤ ማስታገሻ የወሰደ በግም የመድኃኒቱ መቆያ ጊዜ ሳያልፍ ለእርድ አይቀርብም።

የሌሎች አገሮች ሕግ መለያ መስመሩን በዕድሜ ያሰምራል። በእንግሊዝ ሦስት ወር ያለፈውን በግ ያለ ማደንዘዣ ማኮላሸት ክልክል ነው። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ማደንዘዣን ግዴታ አድርጋለች። በጉ ባደገ መጠን ጉዳቱም ስለሚበረታ ነው።

የጥሊሊ አርሶ አደር የሚዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም። አውራው ቁመና እንዲይዝ ይፈልጋል፤ ለዘር የሚሆነውንም ለይቶ ማየት አለበት። በመሆኑም ለዘር የሚቀረው እንደተመረጠ የቀሩትን ሳያሳድሩ ማኮላሸት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው የዋጋ ጉዳይ ነው። አንድ ብልቃጥ ማደንዘዣ ለብዙ በግ ይበቃል። ጎረቤታሞች ቀን ቆርጠው በጎቻቸውን በአንድነት ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ቢወስዱ ለአንድ በግ የሚደርሰው ወጪ ይቀንሳል። ይህ እንዲሆን ግን ክሊኒኩ ከቡርዲዞው ጎን መድኃኒቱንም ሊይዝ ይገባል።