«ፕሮፕስ» እና «አንቱ»

ጎል ያገባ ወይም በፈተና አንደኛ የወጣ ልጅ ከጓደኞቹ «ፕሮፕስ!» ይባላል። አንዳንድ ታላላቆቻችንም ይህን ሲሰሙ የባዕድ ቃል ነው ብለው ይቆጣሉ። እኔ ግን ቃሉ ከመነቀፉ በፊት ትርጉሙ ቢመረመር ይሻላል እላለሁ።

«ፕሮፕስ» በጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር «ፕሮፐርስ» ከሚለው ቃል ያጠረ ነው፤ «ፕሮፐር» ማለትም «ተገቢ» ማለት ነው። አሬታ ፍራንክሊን የኦቲስ ሬዲንግን «ሪስፔክት» የተባለ ዘፈን እ.ኤ.አ. በ1967 ስትዘፍን፣ በእርሱ ግጥም ያልነበረውን «ፕሮፐርስ»ን ጨመረችበት፤ ለሴት የሚገባትንም ክብር ጠየቀችበት። እንግዲህ ቃሉ የጭብጨባ ሳይሆን የዕዳ ቃል ነው።

በአማርኛችን ይህ ዕዳ የሚከፈለው በ«አንቱ» ነው። ነገር ግን «አንቱ» የምንለው ዕድሜንና ሹመትን፣ «ፕሮፕስ» የምንለውም ድልን አይተን ነው። በማለዳ ክፍል የሚጠርጉልን ሴት በዕድሜ እናቶቻችንን ያህላሉ፤ ሆኖም ብዙ ተማሪ «አንቺ» ይላቸዋል። «ፕሮፕስ» የሚላቸውማ ከቶ የለም። በሁለቱም ቋንቋ ዕዳቸው ሳይከፈል ቀርቷል።

ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነውሩ ቃሉን ከባሕር ማዶ ማምጣታችን አይደለም፤ ከሚገባው ሰው መንፈጋችን ነው። ነገ ጧት «እንዴት አደሩ፣ እትዬ» ብለን ብንጀምር፣ የሁለቱንም ቋንቋ ዕዳ ባንድ ጊዜ እንከፍላለን።